በቃል የተያዘ ፈተና፦ የጂአርኢ የእንግሊዝኛ ቃላት ክፍል በምሥራቅ እስያ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2002 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት የሚገኘው የፈተና ድርጅት ኢቲኤስ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ያልተለመደ ማስታወቂያ አሰራጨ። በቻይና፣ በታይዋንና በደቡብ ኮሪያ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ በኮምፒውተር ይሰጥ የነበረው የጂአርኢ አጠቃላይ ፈተና እንደሚቋረጥና የእንግሊዝኛ ቃላትና የሒሳብ ክፍሎቹ ወደ ወረቀትና እርሳስ እንደሚመለሱ የሚገልጽ ነበር። ከእነዚህ አገሮች የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ክፍል ውጤት በሚመዝኑበት ጊዜም ጥንቃቄ እንዲያደርጉ የትምህርት ቤቶቹን ኃላፊዎች አሳሰበ። ምክንያቱ በአካባቢው ቋንቋዎች የተከፈቱ ድረ ገጾች ነበሩ፤ ፈተናውን የወሰዱ ሰዎች ያስታወሱትን ጥያቄ ከነመልሱ እየጻፉባቸው፣ ገና ያልተፈተኑት ደግሞ እያነበቧቸው ወደ ፈተና ጣቢያ ይሄዱ ነበር። በአካባቢው የታየው የእንግሊዝኛ ክፍል ውጤት ጭማሪም በቋንቋ ችሎታ መሻሻል ብቻ ሊብራራ የሚችል አልነበረም።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ስርቆት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን ከጥያቄው ዓይነት አንጻር ለመመልከት እሞክራለሁ። የኢቲኤስ የምርመራና የሕግ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩት ጥያቄው በማን እጅ እንደወጣ ነው፤ ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ በሰው ጭንቅላት ተይዞ የሚወጣው ስለ ምን እንደሆነ ግን ሙሉ መልስ የተሰጠው ዘግይቶ፣ በ2011 ነው።

ፈተናው ምን ይመስል ነበር

የጂአርኢ አመጣጥ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ይጀምራል። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ከካርኔጊ የትምህርት ማሻሻያ ተቋም ጋር ሆነው ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክቱ ተማሪዎችን በአንድ ሚዛን ለማየት የጀመሩት ሙከራ ነበር። ኢቲኤስ በ1947 ሲቋቋም ፈተናው ብዙም ሳይቆይ ወደ እርሱ ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የእንግሊዝኛው ክፍል፣ ማለትም ቨርባል የሚባለው፣ አራት ዓይነት ጥያቄዎችን ይዞ ቆየ፤ እነርሱም ተቃራኒ ቃል መፈለግ፣ አናሎጂ የሚባለው የቃላት ዝምድና፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ባዶ ቦታ መሙላትና አንብቦ መረዳት ናቸው።

በወረቀቱ ፈተና አንድ የቨርባል ክፍል በ30 ደቂቃ የሚሠሩ 38 ጥያቄዎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ተቃራኒ ቃላት፣ 9ኙ አናሎጂ ነበሩ። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጠው ጥያቄ ምንም ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሌለበት ነበር ማለት ነው። ተቃራኒ ቃል ሲባል አንድ ቃል በትልቅ ፊደል ይጻፋል፣ ከሥሩ አምስት ምርጫ ይሰለፋል፣ ተፈታኙ የቃሉን ተቃራኒ ይመርጣል። ለምሳሌ «ላኮኒክ» የሚል ቢመጣ፣ ይኸውም ቁጥብ ተናጋሪ ማለት ነው፣ መልሱ ለፍላፊ የሚል ትርጉም ያለው «ጋሩለስ» ሊሆን ይችላል። አናሎጂም ቢሆን «ሞፈር ለገበሬ እንደሆነ መርፌ ለማን ነው» ከሚለው የልጆች ጨዋታ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ቃላቱ ብርቅ ስለሚሆኑና የዝምድናው ዓይነት ስለሚረቅ ብቻ ይከብዳል።

የፈተና ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ጥያቄ የወደዱት በስንፍና አልነበረም። ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው ብዙ ያነበበ ሰው መሆኑ፣ የቃላት ዕውቀትና አንብቦ የመረዳት ችሎታም እጅግ ተቀራርበው የሚሄዱ መሆናቸው በሥነ ልቦና ጥናት ከተረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ተቃራኒ ቃል ደግሞ ርካሽ ነው፤ ተፈታኙ በግማሽ ደቂቃ ይመልሰዋል፣ አዘጋጁም ረጅም ምንባብ ፈልጎ፣ አርሞና አስፈቅዶ ማዘጋጀት አይጠበቅበትም። በአጭር ሰዓት ብዙ ጥያቄ ከተጠየቀ የውጤቱ አስተማማኝነት ይጨምራል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል። ተፈታኙ ቃሉን ያወቀው በማንበብ ነው ብሎ ይነሣል። ሰውየው አንድም መጽሐፍ ሳያነብ ቃሉን ከዝርዝር ላይ ቢሸመድደው፣ በቃልና በንባብ መካከል የነበረው ዝምድና ለእርሱ አይሠራም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

የጥያቄ ቋትና የሰው ማስታወስ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተፈታኙ አቅም ጋር የሚስተካከል ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተፈታኙ አንድ ጥያቄ በትክክል ሲመልስ ኮምፒውተሩ ከበድ ያለ ያቀርብለታል፣ ሲሳሳት ቀለል ያለ ያቀርብለታል። በዚህ መንገድ 30 የቨርባል ጥያቄ በ30 ደቂቃ በቂ ሆነ። ፈተናውም በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎች ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ቀርቶ ተመዝጋቢው በመረጠው ቀን የሚወሰድ ሆነ።

ይህ ምቾት የራሱ ዋጋ ነበረው። በወረቀት ዘመን በአንድ ቀን የተሰጠ ፈተና በዚያው ቀን ይሞታል፤ ማታ ላይ ጥያቄውን ቢያወሩት የሚጎዳ ሰው የለም። በየቀኑ የሚሰጥ ፈተና ግን ከአንድ ቋት እየተቀዳ ለሳምንታት ይሠራል። ሰኞ የተፈተነው ያየውን ጥያቄ ዓርብ የሚፈተነው ሊያገኘው ይችላል። አንድ መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ጥያቄ ብቻ አስታውሰው ቢወጡ ምን ያህል የቋቱ ክፍል በአንድ ወረቀት ላይ እንደሚሰበሰብ ማስላት አይከብድም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ከአቅም ጋር የሚስተካከል ፈተና ለጎበዞቹ ሁሉ የሚያቀርበው ያንኑ የከባድ ጥያቄዎች ስብስብ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ውጤት የሚያስገኙት ጥያቄዎች ብዙ ዓይን የሚያያቸው፣ ቶሎም የሚያልቁ ነበሩ።

ከአራቱ የጥያቄ ዓይነቶች ተሸክሞ ለመውጣት የቱ ይቀላል? አንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ በቃል ይዞ መውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ ቢወጣም ጭብጡ እንጂ ቃሉ አይገኝም። ተቃራኒ ቃል ግን ሁለት ቃል ነው፣ ጥያቄውና መልሱ። ከፈተናው ክፍል ወጥቶ ታክሲ እስኪያገኝ ድረስ አሥር ጥንድ ማስታወስ ለማንም የሚቻል ነው። ቻይናውያን ተፈታኞች እነዚህን ስብስቦች «ጂጂንግ» ይሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ምልክት ማሽንን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጥንት የተወረሰ የተከበረ መጽሐፍን የሚያመለክት ነው። ስያሜው ቀልድም ምሬትም ያለበት ይመስለኛል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ጉዳዩን ለቻይና የሽምደዳ ባህል ይሰጡታል፤ እስከ 1905 ድረስ በቆየው የመንግሥት ሹመት ፈተና ተማሪዎች ጥንታውያን መጻሕፍትን በቃላቸው ይይዙ እንደነበር እየጠቀሱ። ይህ ማብራሪያ አያሳምነኝም። ያንኑ ቀዳዳ ከስምንት ዓመት በፊት ያሳዩት አሜሪካውያን ነበሩና። በ1994 መጨረሻ ካፕላን የተባለው የፈተና ማሠልጠኛ ኩባንያ ሠራተኞቹን ልኮ የኮምፒውተሩን ጂአርኢ እንዲወስዱ ካደረገ በኋላ ያስታወሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቦ ለኢቲኤስ አቀረበ፤ ፈተናው ለስርቆት የተጋለጠ መሆኑን ለማሳየት ነው አለ። ኢቲኤስ ፈተናውን ለጥቂት ቀናት አቋረጠ፣ የሚሰጥባቸውን ቀናት ቀነሰ፣ ካፕላንንም ፍርድ ቤት ገተረ። የጥያቄው ዓይነት ግን እንዳለ ቀጠለ። በ2002 በምሥራቅ እስያ የሆነው የዚያው ማስጠንቀቂያ ውጤት ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ጥቂት ቅጥር ሠራተኞች ያደረጉትን አሁን በኢንተርኔት የተገናኙ ብዙ ተፈታኞች ማድረጋቸው ነው።

ለእኛ አንባቢ ንጽጽሩ ቅርብ ነው። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፉ ፈተና ሲሰረዝ፣ የወጣው የታተመው ወረቀት ራሱ ነበር። ያንን በተሻለ ጥበቃ መከላከል ይቻላል። በጂአርኢው ግን የተሰበረ ካዝና፣ የተደለለ ጥበቃ የለም። ጥያቄው የወጣው ሕጋዊ ሆኖ በገባ ተፈታኝ ማስታወስ ነው፤ በር ላይ ተፈትሾ የማይያዝ ነገር ነው።

የቤጂንጉ ትምህርት ቤትና ክሱ

ከማስታወቂያው በፊትም ኢቲኤስ በቻይና ሌላ ጉዳይ ነበረው። ዩ ሚንሆንግ የተባለ የቀድሞ የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር በ1993 በቤጂንግ «ኒው ኦሪየንታል» የተባለ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሰውየው ራሱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ለመማር ሞክሮ ቪዛ ተከልክሏል፤ በኋላ ግን ብዙ ሺህ ቻይናውያን በእርሱ ትምህርት ቤት በኩል አልፈው ሄዱ። ትምህርት ቤቱ የሚታወቅበት አንዱ ነገር የጂአርኢ ቃላትን የማስተማር ስልቱ ነበር፤ በትልልቅ አዳራሾች፣ በቀልድና በሥነ ቃል እየታገዘ፣ ተማሪው በጥቂት ወራት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቃል እንዲይዝ ያደርጋል።

ኢቲኤስ በ2001 ኒው ኦሪየንታልን ከሰሰ። ክሱ ትምህርት ቤቱ የጂአርኢንና የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ የሆነውን የቶፍልን የፈተና ጥያቄዎች ያለ ፈቃድ እያባዛ ሸጧል፣ ንግድ ምልክታቸውንም ተጠቅሟል የሚል ነበር። የቤጂንግ አንደኛ መካከለኛ ፍርድ ቤት በ2003 ለከሳሾቹ ፈረደ፤ ካሳውም ወደ 10 ሚሊዮን ዩዋን ይደርስ ነበር። ይግባኝ ሰሚው የቤጂንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2004 መጨረሻ የቅጂ መብት መጣሱን አጸና፤ የንግድ ምልክቱን ክስ ግን አልተቀበለውም፣ ካሳውንም ወደ 6.4 ሚሊዮን ዩዋን ዝቅ አደረገው። ኒው ኦሪየንታል ከፍሎ ሥራውን ቀጠለ፤ በ2006ም አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ አቀረበ።

ከዚህ ክስ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ፍርድ ቤቱ ሊከለክል የቻለው የታተመውን ጥያቄ ማባዛት ነው። የቃላት ዝርዝር ማስተማርን ሊከለክል አልቻለም፣ አልተጠየቀምም፤ የእንግሊዝኛ ቃል የማንም ንብረት አይደለምና። ታዲያ ጥያቄው ራሱ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ባለፉት ፈተናዎች የወጡትን ቃላት የያዘ ዝርዝር ፈተናውን ከመስረቅ በምን ይለያል? በሕግ ይለያል። በውጤት ግን ልዩነቱ በጣም ቀጭን ነው። ኢቲኤስ የተሸነፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በፍርድ ቤት አሸንፎም ቢሆን።

የወረቀት ዓመታት

ከ2002 በኋላ በቻይና ጂአርኢ የሚወስድ ሰው ፈተናውን በሁለት ጊዜ ይወስድ ነበር። የጽሑፍ ክፍሉን በኮምፒውተር ይጽፋል፤ የቃላቱንና የሒሳቡን ክፍል ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በጁንና በኦክቶበር፣ በወረቀት ይሠራል። ቀኑ ያመለጠው ሰው ለቀጣዩ ዕድል ወራት ይጠብቃል፤ የማመልከቻው ጊዜ ካለፈበትም ዓመቱን ያጣል። ቅጣቱ በድረ ገጽ ላይ ጥያቄ የጻፈውንም ያልጻፈውንም እኩል ነካ። ከሦስቱ አገሮች የሚመጣ የሐቀኛ ተማሪ ከፍተኛ ውጤትም በጥርጣሬ እንዲታይ ሆነ፤ ለዚያ ተማሪ ይግባኝ የሚባልበት መንገድ አልነበረም።

ኢቲኤስ ችግሩን ከሥሩ ለመፍታት አቅዶ ነበር። በ2006 ሊጀመር የታሰበና ወደ 2007 የተላለፈ ፍጹም አዲስ ፈተና አዘጋጀ፤ ከተፈታኙ አቅም ጋር መስተካከሉ ቀርቶ በዓለም ዙሪያ በተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚሰጥና አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንዳይወጣ የሚያደርግ ነበር። ዕቅዱ በአፕሪል 2007 ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት ቀላል ነበር፦ ያን ሁሉ ተፈታኝ በጥቂት ቀናት የሚያስተናግድ በቂ የፈተና ጣቢያ አይገኝም። ከዚያ በኋላ በ2007 መጨረሻ አዳዲስ የጥያቄ ዓይነቶች አንድ በአንድ እየተጨመሩ መሞከር ጀመሩ። እዚህ ላይ አስተሳሰቡ የተለወጠ ይመስለኛል፤ የቀን መቁጠሪያውን ከመቀየር ይልቅ ጥያቄውን መቀየር።

2011

በኦገስት 1 ቀን 2011 የተጀመረው የተሻሻለው ጂአርኢ ተቃራኒ ቃልንና አናሎጂን ሙሉ በሙሉ አስወገደ። እህት ፈተናው ኤስኤቲ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ተቃራኒ ቃልን በ1994፣ አናሎጂን በ2005 አስወግዶ ስለነበር ጂአርኢ የዘገየው ነው። ውጤቱም ከ200 እስከ 800 የነበረው ከ130 እስከ 170 ሆነ። በቻይናም ፈተናው ወደ ኮምፒውተር ተመለሰ። አሁን ኮምፒውተሩ የሚስተካከለው በየጥያቄው ሳይሆን በየክፍሉ ነው፤ ተፈታኙ የመጀመሪያውን ክፍል ሲጨርስ የሁለተኛው ክብደት ይወሰናል፣ በአንድ ክፍል ውስጥም ወደ ኋላ ተመልሶ መልሱን መለወጥ ይችላል።

ቃላት አልቀሩም። የቀረው ብቻውን የቆመ ቃል ነው። አዲሶቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባዶ ቦታ መሙላት ሲሆን ከአንድ እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ባለው ምንባብ ውስጥ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ባዶ ቦታ ይተዋል። ሁለተኛው አቻ ዓረፍተ ነገር የሚባለው ነው፤ አንድ ባዶ ቦታና ስድስት ምርጫ ይሰጣል፣ ተፈታኙ ሁለት ቃል ይመርጣል፤ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሩን አሟልተው ተመሳሳይ ትርጉም እንዲሰጡት ያስፈልጋል። ተንኮሉ እዚህ ነው፦ ከስድስቱ መካከል ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ቃላት ይቀመጡና ሁለቱም ለዓረፍተ ነገሩ የማይሆኑ ይደረጋሉ። ዝርዝር የሸመደደው ሰው ጥንዱን እንዳየ ይመርጣቸዋል።

ሦስት ባዶ ቦታ ባለው ጥያቄ እያንዳንዱ ቦታ ሦስት ምርጫ ስላለውና ሦስቱም ካልተመለሱ ነጥብ ስለማይሰጥ፣ በግምት የሚመልስ ሰው ዕድሉ ከ27 አንድ ነው። ሁለት ባዶ ቦታ ሲሆን ከ9 አንድ፣ አቻ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ከ15 አንድ ይሆናል። በጥንቱ ተቃራኒ ቃል ከ5 አንድ ነበር። ዋናው ለውጥ ግን በግምት ዕድሉ ላይ አይደለም። አንድ ምሳሌ በራሳችን ቋንቋ ላቅርብ፦

«የታሪክ ጸሐፊው ድምዳሜውን በሙሉ ልብ ያቅርብ እንጂ፣ የጠቀሳቸው ሰነዶች ቁጥራቸው ጥቂት፣ ዘመናቸውም የዘገየ በመሆኑ፣ አንባቢው ክርክሩን ______ ቢያገኘው አይፈረድበትም።»

ባዶውን ቦታ ለመሙላት መጀመሪያ «እንጂ» የሚለው ቃል ሐሳቡን እንደሚገለብጠው ማየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ «ጥቂት»ና «የዘገየ» የሚሉት ማስረጃ መሆናቸውን፤ ከዚያ «አይፈረድበትም» የሚለው አሉታ ሐሳቡን እንደማይገለብጥ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ምርጫዎቹ የሚኬደው። መልሱ የሆነውን «ልፍስፍስ» የሚለውን ቃል ትርጉም ማወቅ የመጨረሻው እርምጃ ሆነ። ይህን ጥያቄ በቃል ይዞ መውጣትም ቀላል አይደለም፤ ቢወጣም አንድ ቃል ከተለወጠበት መልሱ ይገለበጣል።

በቃላት ዝርዝርና በንባብ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ከአማርኛ የተሻለ መምህር ያለ አይመስለኝም። «ሻረ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። ቁስሉ ሻረ፤ ንጉሡ ሹሙን ሻረ፤ ሰውየው ሰንበትን ሻረ። የ«ሻረ» ተቃራኒ ምንድን ነው ተብሎ ብንጠየቅ ለመጀመሪያው አመረቀዘ፣ ለሁለተኛው ሾመ፣ ለሦስተኛው አከበረ እንላለን። ያለ ዓረፍተ ነገር ጥያቄው ጥያቄ አይሆንም። በእንግሊዝኛ የምሁራን ጽሑፍም እንዲሁ ነው። «ሳንክሽን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ማጽደቅ፣ ሌላ ጊዜ መቅጣት ነው። «ኳሊፋይ» የሚለውን ሁላችንም ከቅጥር ማስታወቂያ እናውቀዋለን፤ በጥናታዊ ጽሑፍ ግን ጸሐፊው ያለውን ነገር በቅድመ ሁኔታ መገደቡን ያመለክታል። ለድኅረ ምረቃ ንባብ ከ«ላኮኒክ» ይልቅ ይህ «ኳሊፋይ» እጅግ ይበልጣል፤ በአሮጌው ፈተና ዝርዝር ላይ ክብር የነበረው ግን ብርቁ ቃል ነበር። ብርቅነትን ክብደት አድርጎ መውሰድ የአሮጌው ፈተና ትልቁ ድክመት ነበር እላለሁ።

ይሁንና ዝርዝርን ማጥናት በራሱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዝን ግሥ በተራ ያጠናል፤ ያለዚያ የትም አይደርስም። ግን መምህሩ የሚመዝነው ግሡን መቁጠሩን ሳይሆን የሚያቀርበውን ቅኔ ነው። ያጠናው ግሥ በቅኔው ውስጥ ቦታውን ካላገኘ ጉባኤው ፊት ይታወቅበታል። የጂአርኢ አዘጋጆች በ2011 ያደረጉት ወደዚህ የተጠጋ ነገር ነው፤ ዝርዝሩን ማጥናት አልከለከሉም፣ ፈተናውን ግን ከዝርዝሩ አንድ እርምጃ አራቁት።

አማርኛ ተናጋሪው የት ይቆማል

ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽ ለሚናገር ተፈታኝ የጂአርኢ ከባድ ቃላት ግማሾቹ ዘመዶቹ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የምሁራን ቃሉን የወሰደው ከላቲንና ከግሪክ ስለሆነ «ላኮኒክ» የሚለውን በቤቱ ቋንቋ ያገኘዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህ ዘመድ የለውም፤ በዚህ ከቻይናዊው ጋር እኩል ነው። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚማር የመማሪያ መጻሕፍት ቋንቋ አዲስ አይሆንበትም፤ በአማርኛ ትርጉሙን ቶሎ ሊነግረን የማይችለውን «ዌርአዝ» (በአንጻሩ) እና «ኖትዊዝስታንዲንግ» (ቢሆንም) በዓይኑ ያውቃቸዋል። በአዲሱ ፈተና ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጡት እነዚህ ናቸው። ይሁን እንጂ ለዝግጅት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቴሌግራም ከሚዘዋወር የሺህ ቃላት ዝርዝር ነው፤ አንዳንዱ ዝርዝር አሁንም ቃላቱን በተቃራኒ ጥንድ ያሰለፈ፣ ከ2011 በፊት ለነበረው ፈተና የተዘጋጀ ነው። የቀረ ፈተና ሲጠና ማየት ያሳዝናል።

ዝርዝሩን መጠቀም ካለበት፣ ቢያንስ አገባቡን ይለውጥ እላለሁ። ቃሉን ከተቃራኒው ጋር ሳይሆን ከተገኘበት ዓረፍተ ነገር ጋር ይያዘው። በሙያው ዘርፍ የታተመ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ በሳምንት ያንብብ፤ ጸሐፊው የራሱን ሐሳብ የገደበበትን፣ የሌላውን ሐሳብ ጠቅሶ የተቃወመበትን ቦታ በእርሳስ ያስምር። በአንብቦ መረዳቱ ክፍል ከሦስት ምርጫ ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጡ የሚል ጥያቄ አለ፤ አንዱ ሲጎድል ነጥቡ በሙሉ ይጠፋል። በዚያ ጥያቄ የሚወድቁት ቃል ያላወቁት ሳይሆኑ ጸሐፊው ያላለውን «ብሏል» ብለው የሚያስቡት ናቸው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስም ባዶ ትቶ መውጣት ትርፍ የለውም።

ጥያቄው ያልተዘጋበትም ቦታ አለ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ፈተናው አጥሮ ጠቅላላው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል፤ የቨርባል ክፍሉም 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። ከ2011 የነበሩት 40 ጥያቄዎች 27 ሆኑ። ተፈታኙ ደስ ይለዋል፤ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የሚሸከመው ክብደት በዚያው ልክ ጨምሯል፣ አንድ የሾለከ ምንባብም ከቀድሞው የበለጠ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። በአገራችንም ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና እንዲወስድ ከተደረገ ወዲህ የእንግሊዝኛ ጥያቄ የሚያዘጋጁ መምህራን ይህን ምርጫ በእጃቸው ይዘውታል፤ በአንድ ቀን ሃምሳ ተቃራኒ ቃል መጻፍ ይችላሉ፣ ወይም በሳምንት ሁለት ደህና ምንባብ።